ሰፌድ ሆስፒታል የገባበት ጾም

ባለፈው ሳምንት በባቡር ወደ ዳውንታውን ስሄድ ከጎኔ የተቀመጠች ልጅ የከንፈር ቅባት አውጥታ ተቀባች። ቅባቱ እንጆሪ ይሸታል፤ እውነተኛውን ሳይሆን ፋብሪካ የሚሠራውን እንጆሪ። አፌ ደረቀ፤ ምላሴ ላይ ላስቲክ ላስቲክ የሚል ነገር መጣ። ሽታውን ከየት እንደማውቀው የገባኝ ሁለት ፌርማታ ካለፍን በኋላ ነው። ስድስት ዓመቴ ሳለ አፍና አፍንጫዬ ላይ የተደረገልኝ የማደንዘዣ ጭምብል ሽታ ነው። ጭምብሉን ከመግጠማቸው በፊት ያስመርጡ ነበር፤ ብርቱካን፣ ማስቲካ፣ እንጆሪ። እንጆሪ ያልኩት እኔ ነኝ።

ያኔ የምንኖረው ካስልሪጅ የሚባል ሰፈር ነበር። አባዬ ትራክ ይነዳል፤ ከሳምንቱ አምስቱን ቀን መንገድ ላይ ነው። እማዬ ለአውሮፕላን ምግብ የሚያዘጋጅ ወጥ ቤት ውስጥ የጠዋት ሺፍት ትሠራለች። እኔን አልብሰው ትምህርት ቤት የሚያደርሱኝ፣ ከትምህርት ቤትም የሚመልሱኝ እትዬ ዘነበች ነበሩ። የእማዬ አክስት ናቸው፤ ከደብረ ታቦር መጥተው ቤዝመንታችን ውስጥ ይኖራሉ። እንግሊዝኛ አያውቁም፤ ካርታም አያነቡም። ግን በረዶ መንገዱን ሁሉ አንድ ዓይነት ባደረገበት ቀን እንኳ መንገድ ስተው አያውቁም።

አንደኛ ክፍል ነበርኩ። አስተማሪዬ ለእማዬ ኮል አድርጋ፣ ሜላት ክፍል ውስጥ ትጠፋለች አለቻት። ዓይኗ ክፍት ነው፤ እሷ ግን የለችም። እኔ መጥፋቴን አላውቅም። የማውቀው ሰዎች እንደሚዘሉ ብቻ ነው። አስተማሪዋ ሰሌዳው ጋ ቆማ ትናገራለች፤ ወዲያው መስኮቱ ጋ ናት። እማዬ ብርጭቆ ታጥባለች፤ ወዲያው ብርጭቆው ደርቆ መደርደሪያ ላይ ነው። መሃሉን ማንም አይራመደውም። ሰው ሁሉ እንደዚያ እየዘለለ የሚኖር ይመስለኝ ስለነበር ለማንም አልተናገርኩም።

እትዬ ዘነበች የሰው ዓይን ነው አሉ። ሐኪሙ ደግሞ ጭንቅላቴ ላይ ሽቦ ለጣጥፎ የአንጎሌን እንቅስቃሴ መዘገበና፣ የሆነ ቦታ ላይ የሆነ ነገር አለ፤ ምን እንደሆነ ለማወቅ ኤምአርአይ መነሳት አለባት አለ። እማዬ ወጥ ቤት ቆማ ለእትዬ ስትነግራቸው ጠረጴዛው ሥር ነበርኩ።

«የጭንቅላቷን የውስጥ ፎቶ ያነሳሉ» አለች። «ፎቶው ላይ በሚያዩት ነው የሚወስኑት፤ መድኃኒት ብቻ ይበቃታል ወይስ ይከፈታል የሚለውን።»

«ምኑ ነው የሚከፈተው?»

እማዬ የቧንቧውን ውሃ ከፈተች።

እኔ ግን የሰማሁት ፎቶ የሚለውን ነው። የጭንቅላት የውስጥ ፎቶ ማለት የሐሳብ ፎቶ ማለት ነው ብዬ ወሰንኩ። ጭንቅላት ውስጥ ሌላ ምን አለ? ስለዚህ ቀኑ እስኪደርስ ሐሳቤን ማጽዳት ጀመርኩ። አንድ የክፍሌ ልጅ ያስተማረኝ መጥፎ ቃል ነበር፤ እሱን ላለማሰብ በሞከርኩ ቁጥር እያሰብኩት ተቸገርኩ።

የመጀመሪያው ቀን ያለማደንዘዣ ነው የሞከሩት። ጆሮዬ ላይ ትልቅ ማዳመጫ አደረጉልኝና የባሕር ድምፅ ከፈቱልኝ፤ ልጆችን ያረጋጋል ተብሎ። ባሕር አይቼ አላውቅም። የማውቀው ቦው ወንዝን ነው፤ እሱም ግማሹን ዓመት በረዶ ለብሶ ዝም ያለ ነው። የባሕሩ ማዕበል በጆሮዬ ሲመጣና ሲሄድ ሽንት ቤት ውሃ ተለቆ እንደገና የሚሞላ መሰለኝ። ሽንቴ መጣ። ቀጥሎ ማሽኑ መዶሻ የሚመስለውን ድምፁን ጀመረ። በዚህ ሁሉ ጫጫታ መሃል ሽንት ቤቱን ማን ነው እየለቀቀ ያለው ብዬ ቀና አልኩ። ሦስቴ እንድተኛ ነገሩኝ፤ ሦስቴም ቀና አልኩ።

ፎቶው ተበላሸ። እማዬ ስክሪኑን ስታየው፣ «በመኪና መስኮት የተነሳ ዛፍ ይመስላል» አለች። በሚቀጥለው በማደንዘዣ እንደሚያደርጉት ነገሯትና ሌላ አፖይንትመንት ሰጧት።

ዐቢይ ጾም ገብቶ ነበር። በጾም የእትዬ ሥራ ይበዛል፤ ከሁሉም የሚበዛው ምስር ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ሳሎን ምንጣፍ ላይ እግራቸውን ዘርግተው ይቀመጣሉ፤ ሰፌዱን ጭናቸው ላይ ያደርጋሉ፤ ከላስቲክ ከረጢት ምስር ያፈሳሉ።

«እትዬ፣ የዚህ አገር ምስር እኮ ተለቅሞ ነው የሚመጣው» ትላለች እማዬ። «ድንጋይ የለውም።»

«አይተሽዋል?»

«ላስቲኩ ላይ ተጽፏል።»

«የጻፈውና የለቀመው አንድ ሰው ነው?»

እማዬ ትስቅና ትተዋለች። እትዬ ያንገዋልላሉ። ምስሩ በሰፌዱ ዙሪያ ሽሽሽ ብሎ ይዞራል፤ ይዞርና ወደ አንድ ጎን ይሰበሰባል። ከዚያ ወደ ላይ ይወረወራል፤ ለቅጽበት ምንም ድምፅ የለም፤ ከዚያ ጷ ብሎ ይወድቃል። እትዬ እፍ ይላሉ። እንደገና ሽሽሽ። እኔ ሶፋው ሥር ጀርባዬን ሰጥቼ እተኛለሁ፤ አንድም ቅዳሜ እስከ መጨረሻው ሰምቼው አላውቅም።

አንድ ቀን እንቅልፍ ሳይወስደኝ፣ «እነዚያ ሐኪሞችም ያው እንደኔ ናቸው» ሲሉ ሰማኋቸው። «ለቀማ ነው የያዙት።»

ሁለተኛው አፖይንትመንት ሐሙስ ቀን ነበር። እማዬ ሺፍቷን ማስቀየር ስላልቻለች ከሥራ ስትወጣ መጥታ ልትወስደን ተነጋገሩ። ትእዛዙን ለእትዬ ደጋግማ ነገረቻቸው።

«ምንም ነገር እንዳትቀምስ። በባዶ ሆድ ነው የምትሄደው።»

«በባዶ ሆድ?»

«አዎ፣ ንጹሕ ባዶ።»

«እስከ ስንት ሰዓት?»

«እዚያ ሄደን እስኪጨርሱ።»

እትዬ ራሳቸውን ነቀነቁ። ደስ ያላቸው መሰለኝ። ያኔ ምክንያቱ አልገባኝም፤ አሁን ይገባኛል። ጠበል የሚጠጣው በባዶ ሆድ ነው። እኔ ደግሞ ዓይኔን ሳልገልጥ ሲሪያል የምጠይቅ ልጅ ነበርኩ። ከአገር ቤት የመጣላቸውን ጠበል ሊያጠጡኝ ስንት ወር ሲያደቡ፣ አንድም ቀን ሳልበላ አላገኙኝም። አሁን ሆስፒታሉ ራሱ ልጅቷን አስጹማችሁ አምጡ አለ። የሐኪሙ ትእዛዝና የጠበሉ ሥርዓት አንድ ሆነላቸው።

ሆስፒታል ደርሰን እማዬ ፓርክ ልታደርግ ስትሄድ እትዬ እጄን ይዘው መታጠቢያ ክፍል አስገቡኝ። ከቦርሳቸው የፕላስቲክ ጠርሙስ አወጡ። ጠበሉ ውስጥ እምነት ስለበጠበጡበት ግራጫ ሆኗል።

«እስከ ታች ጠጪው።»

አመድ አመድ፣ ፕላስቲክ ፕላስቲክ ይላል። በጣም ጠምቶኝ ስለነበር ግን አስደሰተኝ። በተረፈው ግንባሬን አበሱልኝ።

«ለእናትሽ ቤት ስንገባ እንነግራታለን» አሉ። «አሁን ተዋክባለች።»

ነርሷ ፀጉሯን ሁለት ቦታ የጎነጎነች ወጣት ነበረች። ልብሴን ቀይራ አልጋ ላይ አወጣችኝና እማዬን ጠየቀቻት። ዛሬ ምግብ ወይም መጠጥ ወስዳለች?

«ምንም» አለች እማዬ።

ነርሷ ጠዋት ከእማዬ ጋር እንዳልነበርኩ ስትሰማ ወደ እትዬ ዞረች። እጇን እንደ ኩባያ አድርጋ ወደ አፏ ወሰደችና ቅንድቧን ከፍ አደረገች። እትዬ ግድግዳው ላይ የተሣሉትን ዓሦች ያያሉ። እማዬ፣ «አልጠጣችም፤ ነግሬያቸዋለሁ» አለች። ነርሷም ጻፈች። ከዚያ ሦስቱን ሽታዎች አቀረበችልኝ፤ እንጆሪ አልኩ።

አሁን ጀግና ነበርኩ ብል ውሸት ነው። አልጋው ላይ ሆኜ በመስታወቱ በኩል የማሽኑ ክፍል በር ይታየኛል። እዚያ ውስጥ ገብቼ ፎቶው ሲወጣ በጭንቅላቴ መሃል ጠርሙሱን፣ መታጠቢያ ክፍሉን፣ እትዬን ያዩታል። ሁላችንንም ውሸታም ይሉናል። እማዬንም ጨምሮ፤ እሷ ደግሞ ምንም አላደረገችም።

በእንግሊዝኛ «ጠጥቻለሁ» አልኩ።

ነርሷ ብዕሯን አቆመች።

«ምን ጠጣሽ?» አለች እማዬ በአማርኛ።

«ጠበል።»

እማዬ ቀስ ብላ ዞረች። «እትዬ?»

«ጠበል እኮ ነው» አሉ እትዬ። «ጠበል መጠጥ ነው እንዴ?»

እማዬ ለነርሷ የተቀደሰ ውሃ ነው ብላ ተረጎመች። ውሃ ብቻ ነው? የለም፤ አመድም አለበት። ምን ዓይነት አመድ? እማዬ ስለ እምነት በእንግሊዝኛ ልታስረዳ ሞከረች፤ ባስረዳች ቁጥር ነገሩ እየባሰ ሄደ። የሚያስተኛኝ ሐኪም ተጠርቶ መጣ። አልተቆጣም። አልጋዬ አጠገብ በርከክ ብሎ፣ ሰው በማደንዘዣ ሲተኛ ሆዱ ውስጥ ያለው ነገር ወደ ላይ ተመልሶ ሳንባ ሊገባ እንደሚችል፣ ዛሬ እንደማይሆን ነገረን። እማዬ ለእትዬ መተርጎም ጀመረችና መሃል ላይ አቆመች። አዲሱ አፖይንትመንት ከሦስት ሳምንት በኋላ ሆነ።

እማዬ ወረቀት ስትፈርም ክሌር የምትባል ሴት መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ሥራዋ ልጆች ሲተኙና ሲነቁ በድምፅ ማረጋጋት ነው። ባሕሩን እንዳልወደድኩት መዝገቤ ላይ አንብባለች። ሰፊ፣ ጠፍጣፋ ከበሮ ይዛለች፤ ውስጡ ጥቃቅን ብረቶች አሉበት። ዘንበል ስታደርገው ሽሽሽ አለ።

«ይሄ የባሕር ከበሮ ነው» አለችኝ።

«አይደለም፤ ሰፌድ ነው» አልኳት።

ሰፌድ ምን እንደሆነ ጠየቀችኝ። ነገርኳት፤ ምስሩ ሲዞር፣ ሲወረወር፣ ሲወድቅ፣ እፍ ሲባል። እስከ መጨረሻው እንደማልሰማውም ነገርኳት። ሁሉንም ጻፈች። ከዚያ እማዬን፣ ይህን ነገር የሚያደርጉትን ሰው በሚቀጥለው ከነዕቃቸው ይዛችሁ መምጣት ትችላላችሁ ወይ አለቻት። እትዬ ሦስት ወንበር ርቀው ቦርሳቸውን አቅፈው ተቀምጠዋል።

ስንመለስ ቺኑክ የሚሉት ሞቃት ነፋስ ነፍሶ በረዶው በአንድ ቀን ይቀልጥ ነበር፤ ዲርፉት አውራ ጎዳና ላይ ከፊታችን ያሉት መኪኖች ጭቃ ይረጩብናል፤ እማዬ መጥረጊያውን ታበራለች፣ ታጠፋለች።

በዚያው ቅዳሜ ሰፌዱ ሳሎን ውስጥ የለም። እትዬ ወደ ቤዝመንት አውርደውታል። ምስሩን እዚያ ይልቀሙት አይልቀሙት አላውቅም፤ በሩ ዝግ ነው፤ ድምፅ አይመጣም። ስለተናገርኩባቸው የነጠቁኝ መሰለኝ። ትምህርት ቤት ያደርሱኛል፤ ኮቴን ይቆልፉልኛል፤ ጉንጬን ግን አይስሙኝም።

በሁለተኛው ሳምንት የትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ መሰላል እየወጣሁ ጠፋሁ። ስመለስ መሬት ላይ ተጋድሜ አገጬ ይደማል፤ ልጆች ከበውኛል። የመጡት እትዬ ናቸው። አገጬን አዩ፤ መሰላሉን አዩ። ቤት እስክንደርስ እጄን አጥብቀው ስለያዙት ጣቶቼ ቀሉ።

ማታ እራት ላይ ለእማዬ ሲሉ ሰማሁ፤ «ያን ቀን ያ ሐኪም ያለውን ጨርሰሽ አልነገርሽኝም።»

«ይተዉት እትዬ።»

«ልትታነቅ ትችል ነበር?»

እማዬ እንጀራዋን አስቀመጠች። «ትችል ነበር ነው ያሉት።»

እትዬ ተነስተው ወረዱ። ሰሃናቸው እንዳለ ቀረ።

አፖይንትመንቱ ሦስት ቀን ሲቀረው እማዬ የክሌርን ነገር አነሳች።

«ሰፌዱን ይዘው ይምጡልን። ሴትዮዋ እንደገና ኮል አድርጋለች።»

«እኔ እዚያ ቤት በየትኛው ፊቴ ነው የምገባው?» አሉ። «ፎቶውን ያስቀረሁት እኔ፤ ልጅቷ የወደቀችው በእኔ። በቴሌፎንሽ ቅጂና ውሰጂው።»

ወደ ታች ተከትያቸው ወረድኩ። አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል፤ ሰፌዱ ከኋላቸው ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል።

«እትዬ፣ ሰፌዱን ስለተናገርኩ ነው የወሰዱብኝ?»

«ማን ወሰደብሽ? ይኸው የለም እንዴ?»

«ላይ ነበር የሚቀመጠው።»

ዞረው ሰፌዱን አዩት።

«እኔ እኮ የተናገርኩት ማሽኑ ስለሚያይ ነው» አልኩ። «ጠበሉን መጠጣቴን ፎቶው ላይ ያዩት ነበር። ለእማዬ አለመንገራችንንም።»

የሚስቁ መስሎኝ ነበር።

«እንደዚያ የሚያይ ማሽን ካለማ አንቺ ምን ሠራሽ፣ መግባት የነበረብኝ እኔ ነኝ» አሉ። «ያቺ ልጅ እጇን እንዲህ ስታደርግ» ብለው የነርሷን ኩባያ በእጃቸው ሠሩ፤ «ገብቶኛል። እንግሊዝኛ ባላውቅ መጠጣት ምን እንደሚመስል አጣዋለሁ? ገብቶኝ ነው ዓሣ ያየሁት።»

ትልቅ ሰው እንደዚያ ሲናገር ሰምቼ አላውቅም። «እሺ» አልኩ።

«እሺ አትበይኝ» አሉ። አይበሉባቸውን ዓይናቸው ላይ አሳለፉ፤ ተነስተው ሰፌዱን አወረዱ። «ያዥ፤ ይዘሽው ውጪ። ደረጃው ላይ እንዳትጥዪው።»

በሦስተኛው ቀን ነርሷ ያችው ነበረች። ያንኑ ጥያቄ ጠየቀች፤ በዚህኛው ግን መጀመሪያ ያየችው እኔን ነው። እትዬ እማዬን ቀደሟት።

«ንገሪያት» አሉ። «ከትናንት ማታ ጀምሮ ዓይኔን ከልጅቷ ላይ አልነቀልኩም። ጥርሷን ስትቦርሽ እንኳ ውሃውን መትፋቷን ቆሜ አይቻለሁ።»

እማዬ ተረጎመች። ነርሷ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ጻፈች።

ክሌር መብራቱን ቀነስ አደረገች። እትዬ ወንበሩን እንቢ ብለው፣ መሬት ላይ አንሶላ ተነጥፎላቸው፣ እግራቸውን ዘርግተው ተቀመጡ። እማዬ ምስሩን አፈሰሰችላቸው። ክሌር የእኔን ደረት እያየች በእጇ ምልክት ሰጠች።

«ምን ትላለች?»

«መጀመሪያ ከትንፋሿ ጋር እኩል ይሁን፤ ከዚያ ቀስ በቀስ ቀዝቀዝ ያድርጉት ትላለች።»

«ጠጠሩ ወደ ዳር ሲመጣ እንዲያ አይደል የሚደረገው?» አሉ እትዬ። «ማን አስተማራት?»

የእኔ ትንፋሽ ፈጣን ነበር። ሰፌዱም ፈጠነ፤ ሽ ሽ ሽ። እትዬ ወደ ምስሩ አያዩም፤ አንገታቸውን ቀና አድርገው ደረቴን ያያሉ። ጭምብሉ መጣ፤ እንጆሪ፣ ከሥሩ ላስቲክ። ልገፋው እጄን አነሳሁ፤ እማዬ ያዘችኝ። ሰፌዱ ትንሽ ረዘም አለ። እኔም ሳላውቅ ትንፋሼን አስረዘምኩ፤ ወይም እሳቸው ናቸው ያስረዘሙኝ። ምስሩ ተወረወረ። ሲወድቅ ልሰማው ጠበቅኩ።

ጷ አለ። ዓይኔን ስገልጥ ግን ሌላ ክፍል ነው፤ መስኮት አለው፤ እጄ ላይ ፕላስተር ተለጥፏል፤ ጉሮሮዬ ደርቋል። እንደ ልማዴ መሃሉ የለም። ሽሽሹ ግን አለ። አንገቴን ሳዞር እትዬ ከአልጋዬ አጠገብ መሬት ላይ ናቸው።

እማዬ ጭንቅላቴን ዳሰሰችኝ። «አልተንቀሳቀስሽም» አለች። «ፎቶው ጥርት ብሎ ወጥቷል።» ከዚያ ድምጿን ቀነሰች። «እትዬን ግን ማንም ሊያስቆማቸው አልቻለም። አንቺን ይዘውሽ ሲገቡ ኮሪደር ላይ ተቀመጡ፤ ማሽኑ ሲጮህ አልጋ እንኳ አጠገቡ ቢሰበር አይሰማም፤ እሳቸው ያንገዋልላሉ። ክሌር ራሷ መጥታ አሁን ተኝታለች፣ ይረፉ አለቻቸው። እንቢ አሉ።»

ፎቶው ያሳየው በሚቀጥለው ሳምንት ተነገረን። ትንሽ የቆየ ጠባሳ ነው፤ ምናልባት ስወለድ የመጣ። አይከፈትም። ጠዋትና ማታ የሚዋጥ መድኃኒት ሰጡኝ፤ ሰዎች መዝለላቸውን ቀስ በቀስ ተዉ። ያን ቀን ግን ይህን ገና ማናችንም አናውቅም ነበር።

እማዬ ጎንበስ ብላ ሰፌዱን ልትቀበላቸው ስትል ጣቶቻቸው ከጠርዙ አልላቀቅ አሉ። አንድ በአንድ አላቀቀችላቸው። እትዬ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ወደ እኔ ቀና አሉ።

«ሰማሽኝ?»

«መጀመሪያ ላይ።»

«ከዚያስ?»

«አላውቅም።»

«እኔም አላወቅኩም» አሉ። «ለዚያ ነው ያላቆምኩት።»